በምሳ ሰዓት ዝም አይባልም

ይህን የምጽፍላችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም።

የሆነ ነገር ነው። አብዛኛውን ያየችው ታላቅ እህቴ ናት። መጨረሻውን ግን እኔ ራሴ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።

አናምንሽም ብትሉኝ አልቀየማችሁም። እኔም እዚያ ባልነበርኩ ኖሮ አላምንም ነበር።

ደግሞ ጨለማ ምናምን አትጠብቁ። ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው... ጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ ምሳውን የሚበላበት ሰዓት። ቦታው ደግሞ የዶሮ ሥጋ ማሸጊያ ፋብሪካ።

እህቴን እታለም ነው የምላት። ወላጆቻችን ካለፉ በኋላ እናትም አባትም ሆና ያሳደገችኝ እሷ ናት። ደግሞ ቀልደኛ ናት። ስምንት ወር ሙሉ ሥራ ፈታ ቤት በተቀመጠችበት ጊዜ እንኳ «እኔ እኮ ሥራ አላጣሁም፤ ሥራው ነው እኔን ያጣኝ» እያለች ታስቀኝ ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት በፋብሪካው በር በኩል ስታልፍ ማስታወቂያ አየች። በእጅ የተጻፈ።

«ሠራተኛ እንፈልጋለን። አንድ ሴት።»

ከበላዩ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ድርጅቱ ለሦስት መቶ ሰዎች የሥራ ዕድል ፈጥሮ መሸለሙን ይናገራል። ፎቶው ላይ ባለቤቱ ዋንጫ ታቅፎ ይስቃል።

ገባች።

የትምህርት ማስረጃ አልጠየቋትም። ተያዥም አልጠየቋትም። የቀጠራት ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«ብርድ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«ዛሬ ትጀምሪያለሽ?»

«ዛሬ? አሁን?»

«አዎ ወይ አይ በይ።»

«አዎ።»

በሩብ ሰዓት ውስጥ ቦት ጫማ፣ ነጭ ሽርጥ፣ የፀጉር መሸፈኛና ወፍራም ጓንት ተሰጣት። ሽርጡ ደረት ላይ ቁጥር ታትሟል። 63።

ጓንቱ አዲስ አልነበረም። በደንብ ታጥቧል፣ ግን ሌላ ሰው ሠርቶበታል።

የሥራ ጓንት ቶሎ የሚያልቀው ጣቱ ጫፍ ላይ ነው። ወይ መዳፉ ላይ። የዚህኛው መዳፍ ግን ደህና ነበር። ያለቀው ጎኑ ነው... ከትንሿ ጣት በታች ያለው፣ እጃችንን ጨብጠን በር ስንደበድብ የሚያርፈው ቦታ።

የሁለቱም እጅ።

እታለም አየችው፣ ነገር ግን ምንም አልመሰላትም። ስምንት ወር ሥራ የፈታ ሰው ጓንት ያማርጣል እንዴ?

ማሸጊያ ክፍሉ ውስጥ እሷን ጨምሮ አርባ አንድ ሴቶች ይሠራሉ። ጠዋት ሲገቡ ስልካቸውን ሳጥን ውስጥ ይጥላሉ። ሥራ ላይ ማውራት ክልክል ነው። ሽንት ቤት ለመሄድ ካርድ መያዝ ግዴታ ነው፤ ካርዱ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ለአርባ አንድ ሰው። ማንም በስሙ አይጠራም።

«ሥልሳ ሦስት! እጅሽ ይፍጠን!»

እንዲህ የምትለው ተቆጣጣሪዋ ናት። ከአንገቷ ፊሽካና ቁልፍ የማይለይ ቀጭን ሴት። ሠራተኞቹ ከኋላዋ «ፊሽካ» ነው የሚሏት።

ከክፍሉ ጥግ ትልቅ ነጭ የብረት በር አለ። ከበሩ ጀርባ የታሸገው ዶሮ የሚቀመጥበት በረዶ ቤት ነው። ሴቶቹ «ፍሪጁ» ይሉታል። ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ። በሩን ከውስጥ የሚከፍተው እጀታ ከተሰበረ ቆይቷል። «ይሠራል፣ ይሠራል» ይባላል፣ የሚሠራው የለም። ፍሪጁ ውስጥ የሚገባ ሰው ወፍራም ጃኬት ይለብሳል፤ ጃኬቱ ግን ሁለት ብቻ ነው። ሁለቱም ከተያዙ በሽርጥሽ ሮጠሽ ገብተሽ ሮጠሽ መውጣት ነው።

በምሳ ሰዓት ዕቃ እንዳይሰረቅ ተብሎ ፊሽካ ያንን በር በጓጉንቸር ቁልፍ ትቆልፈዋለች።

የመጀመሪያው ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ ፊሽካው ተነፋ። ማሽኖቹ ቆሙ። ቁልፉ ቀጭ አለ። ሴቶቹ አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ተቀምጠው የምሳ ዕቃቸውን ከፈቱ።

ወዲያው ቤቱ በጫጫታ ተሞላ።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። እየጮኹ።

እታለም ሳቀች። ጠዋቱን ሙሉ አፋቸው ተለጉሞ ስለዋለ ነው ብላ አሰበች። እሷም ቀልዷን ይዛ ተቀላቀለች።

«የምሳ ሰዓታችንን ብታዪው ሠርግ ነው የሚመስልሽ!» አለችኝ ቤት ስትገባ።

በማግስቱ ግን አንዳንድ ነገር አስተዋለች።

ሁሉም የሚቀመጡት ጀርባቸውን ለፍሪጁ ሰጥተው ነው። አንዲትም ሴት ወደዚያ አትዞርም።

ደግሞ አይደማመጡም። አንዷ ስለ ልጇ ጥርስ ትጮሃለች፣ አጠገቧ ያለችው ስለሚያፈስ ጣሪያዋ ትጮሃለች። ማንም ለማንም አይመልስም። ዓይናቸው ምሳ ዕቃቸው ላይ ተተክሏል።

አንዷማ ወሬ ያለቀባት ይመስል ቁጥር ነበር የምትጠራው። ጮክ ብላ።

«ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት...»

በሦስተኛው ቀን እንዴት እንደሆነ እንጃ... ሁሉም እኩል ትንፋሽ ሳቡ። ለአንድ አፍታ ቤቱ ጸጥ አለ።

ዱም።

...

ዱም። ዱም።

ከብረቱ በር ነው የሚመጣው። ከውስጥ።

ወዲያው ጫጫታው ተመለሰ፣ ከበፊቱ ብሶ።

እታለም አጠገብ ሚዛን ላይ የሚሠሩ ጠና ያሉ ሴት ተቀምጠዋል። ሁሉም እማማ ሚዛን ይሏቸዋል።

«እማማ፣ ምንድነው እሱ?»

«ማሽኑ ነው።»

«ማሽን እንዲህ አድርጎ...»

«ማሽኑ ነው አልኩሽ። አውሪ።»

«ምን ላውራ?»

«የመጣልሽን። ብቻ ዝም አትበይ... በምሳ ሰዓት ዝም አይባልም።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸው ጭኗ ላይ ያስቀመጠችው ጓንት ላይ ነበር። ከዚያ ያልነኩትን ምሳቸውን ከደኑት።

ከዚያ በኋላ እህቴ ተለወጠችብኝ። ቤት ውስጥ ስንበላ ማውራት አታቆምም። ጎርሳ ታወራለች፣ ውኃ እየጠጣች ታወራለች። እኔ ስናገር አትሰማም። አንድ ቀን እጇን ያዝኳት።

«እታለም፣ ምን ሆነሻል?»

ነገረችኝ።

«ማሽን ነው ብለውሻል አይደል? ማሽን ይሆናላ» አልኳት ላረጋጋት።

እሷ ግን...

«ጠዋት ስንገባ ስንወጣ ምንም የለም፤ በሩ ሲቆለፍ ብቻ ነው የሚመታው። ማሽን ግን ይደክመዋል? ትንሽ ይመታና ያርፋል። ደግሞ ይመታና ያርፋል። ሲያርፍ... ሰው ነው የሚመስለው።»

«በቃ ተዪው፤ ሌላ ሥራ ፈልጊ።»

«እሺ ልተወው። ከዚያስ? ምን ልንበላ ነው?»



ዓርብ ዕለት እታለም እጅ መታጠቢያው ጋ እማማ ሚዛንን ብቻቸውን አገኘቻቸው። ቧንቧውን ሁለቱም እስከ መጨረሻው ከፈቱት፣ ድምፃቸው እንዳይሰማ።

«ከእኔ በፊት ሥልሳ ሦስት ማን ነበረች?»

«ከአንቺ በፊት አራት ሰው በዚህ ቁጥር ተቀጥሯል። አንዷም ወር አልሞላችም።»

«ከእነሱስ በፊት?»

እማማ ሚዛን እጃቸውን ደጋግመው ታጠቡ።

«አንዲት ልጅ ነበረች። ሰባት ወር ሆነው... ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ሥራ የሚያበቃው ስድስት ሰዓት ነው። ፊሽካ 'ካርቶኑን ቆጥረሽ ውጪ' ብላ ፍሪጁ ውስጥ ላከቻት። ጃኬቶቹ አልነበሩም። በሽርጧ ገባች። ከዚያ ፊሽካ ለመሄድ ስትቸኩል...»

«ቆለፈችባት?»

«ቆለፈችባት።»

«እናንተ አልሰማችሁም?»

«ሰማን።»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም። ለፊሽካ ነገርናት፤ ቁልፉን ለሥራ አስኪያጁ አስረክቤያለሁ አለች። ሥራ አስኪያጁን ለመንነው። 'ማሽኑ ነው' አለ። 'መኪናው ሊሄድ ነው። መቅረት የምትፈልግ ትቅር፣ ሰኞ ግን ዓይኗን እንዳላይ' አለ።»

«እና?»

«እናማ... መኪናው ውስጥ ገባን።»

ውኃው ይወርዳል።

«ሰኞ ስንመጣ ወለሉ ታጥቧል። በሩ ከውስጥ በኩል አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ሥራዋን ጥላ ጠፍታለች ተባለ። ወረቀት አምጥተው ፈርሙ አሉን። ፈረምን።»

«ጓንቱስ?»

«አጥበው ዕቃ ቤት መለሱት። ንብረት ነዋ።»

እማማ ሚዛን ቧንቧውን ዘጉ። ከዚያ በሹክሹክታ...

«እናቷ ለሦስት ወር በሩ ላይ እየመጡ 'ልጄን አይታችኋል?' እያሉ ጠየቁን። አላየናትም አልናቸው። እኔም ብያቸዋለሁ። በዚህ አፌ።»

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር።

ስድስት ሰዓት። ፊሽካው ተነፋ። ማሽኖቹ ቆሙ። ቁልፉ ቀጭ አለ።

ዱም።

ሴቶቹ ሽርጣቸውን እየፈቱ መጮህ ጀመሩ። ጥርስ። ጣሪያ። ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት...

እታለም አልጮኸችም። እግሯ ወደ በሩ ወሰዳት።

መዳፏን ብረቱ ላይ አሳረፈች። በእያንዳንዱ ምት ብረቱ ከእጇ ሥር ይንቀጠቀጣል። ጆሮዋን አስጠጋች።

ድምፅ ነበር። ጩኸት አይደለም። ቀስ ያለ፣ የሚንቀጠቀጥ የሴት ድምፅ።

«ይቅርታ...»

...

«ይቅርታ... ጨርሻለሁ። ቆጥሬያለሁ። ልውጣ?»

እህቴ ይህን ስትነግረኝ እንዲህ ነው ያለችኝ፦ «ብትጮህ ኖሮ እሸሽ ነበር። ግን ሰው አለቃውን ሲያስፈቅድ እንዴት እንደሚናገር ታውቂያለሽ አይደል? ተለማምጦ። እንዳይቆጡት ፈርቶ። እንደዚያ ነበር የምትናገረው።»

አንድ እጅ ትከሻዋን ያዛት። ፊሽካ ናት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ከዚህ ሂጂ» አለች በሹክሹክታ።

ከውስጥ ደግሞ... «ልውጣ?»

ፊሽካ አፏን ወደ በሩ ጠርዝ አስጠግታ መለሰች። በቀስታ። በለመደ አፍ።

«ቆዪ።»

እታለም ወደ ፊሽካ ዞረች። ይህች ሴት ሰባት ወር ሙሉ፣ በየቀኑ፣ መልስ ስትሰጣት ኖራለች።

«ትሰሚያታለሽ» አለቻት። አንቺ አለቻት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ልጆች አሉኝ» አለች ፊሽካ።

«ቁልፉን ስጪኝ።»

«ከተቆለፈ በኋላ መክፈት ክልክል ነው። ሁላችንንም ነው የሚያባርሩን። አንቺንም፣ እኔንም፣ እነሱንም።»

ይሄኔ ነው እማማ ሚዛን ዝም ያሉት።

ዝም ብቻ። እጃቸውን አጣምረው ወደ በሩ ዞሩ።

አጠገባቸው ያለችው ስለ ጣሪያዋ መጮኋን አቆመች። ከዚያ የልጅ ጥርስ ወሬው ተቋረጠ። ከዚያ ሌላዋ... ከዚያ ሌላዋ። ቁጥር የምትጠራዋ ሠላሳ ስምንት ላይ ደርሳ ቆመች።

ያ ክፍል በሰባት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወዶ ጸጥ አለ።

ዱም።

ዱም።

አርባ አንድ ሴቶች ፊሽካን ያዩአታል። ማንም አልነካት፣ ማንም አልተቆጣት። ፊሽካ ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀች።

እታለም ከፈተች።

ነጭ ጉም ወለሉን እየላሰ ወጣ። ውስጡ ካርቶን ብቻ ነው። እስከ ጣሪያ የተደረደረ ካርቶን። ሰው የለም።

ግን...

በሩ አጠገብ የቆመችው ሴት ድንገት አንገቷን በእጇ ሸፈነች። ቀጥላ ያለችው ትከሻዋን ሰበቀች። ከዚያ ሦስተኛዋ። ከዚያ አራተኛዋ። ብርዱ በሴቶቹ መሃል፣ አንድ በአንድ፣ በሰው እርምጃ ልክ አለፈ። ማንንም ሳይገፋ። ለማለፍ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው፣ ጠጋ እያለ።

መጨረሻ ላይ ወደ ውጭ የሚያስወጣው በር ተከፈተ። ፀሐይ ገባ። በሩ በቀስታ ተዘጋ።

እማማ ሚዛን መሬት ላይ ተንበርክከው «ይቅር በይን» እያሉ ያለቅሱ ጀመር።

ሰኞ ጠዋት ዘበኛው አንዳቸውንም አላስገባም። አጥሩ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል።

«ሠራተኛ እንፈልጋለን። አርባ ሁለት ሴት።»

አርባ ሁለተኛዋ ፊሽካ ናት። እሷም ውጭ ነበረች። አንገቷ ባዶ ሆኖ፣ ከሴቶቹ ፈንጠር ብላ።

አዲስ ተቀጣሪዎች ገና ከጠዋቱ ተሰልፈዋል። እታለም ሄዳ የሆነውን ልትነግራቸው ሞከረች። አንዳንዶቹ አሽሟጠጡ። አንዷ ፊቷን አዞረች። አንዲት ልጅ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ፈተና የቀረበላት መስሏት ነው መሰለኝ፣ «እኔ ብርድ እችላለሁ» አለቻት።

«ፍሪጁ ውስጥ የቀረችው ልጅ እናት ጋ እንሂድ» አሉ እማማ ሚዛን። «ቢገድሉኝም ይግደሉኝ። እነግራቸዋለሁ።»

እታለም መንገድ ላይ ደውላ ጠራችኝ። ሁለቱ ብቻቸውን መሄድ ፈርተው ነበር። በዚህ ነው እኔም የገባሁበት።

ስንደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ሙቀቱ ያቃጥላል። በቆርቆሮ የተሠራ አንድ ክፍል ቤት ነው፣ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ። እማማ ሚዛን በሩን ከማንኳኳታቸው በፊት ሁለቴ እጃቸውን መልሰዋል።

እናትየዋ ከፈቱ። አጭር፣ ፊታቸው የበራ ሴትዮ። ሁለት ሹራብ ደርበዋል።

እማማ ሚዛን «እኔ... እኛ... ስለ ልጅዎ...» ብለው ሲጀምሩ እናትየዋ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ቀስ በሉ። ተኝታለች።»

«ማን?»

«ልጄ ናታ! ቅዳሜ መጣችልኝ እኮ። ሰባት ሰዓት ላይ ከተፍ አለች። ለካ ሥራ ይዟት ነው። እንዴት በርዷታል መሰላችሁ...»

እማማ ሚዛን ወደ እታለም ዞሩ።

«የሥራ ጓደኞቿ ናችሁ አይደል? እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ስለጠየቃችኋት። ኑ፣ ግቡ።»

መጋረጃውን ገለጥ አደረጉት።

አልጋው ላይ ብርድ ልብስ ተከምሯል። በብርድ ልብሱ ላይ ካፖርት፣ በካፖርቱ ላይ ምንጣፍ፣ በምንጣፉ ላይ ከጎረቤት የተዋሱት ሌላ ብርድ ልብስ። ክምሩ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል... ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል። ፊት አይታይም። ፀጉርም አይታይም።

ከአልጋው በላይ ትንሽ መስኮት አለች። ውጭ ፀሐይዋ ታነዳለች። መስታወቱ ግን ከውስጥ በኩል በበረዶ ተሸፍኗል።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ትንፋሼ እንደ ጭስ ወጣ።

ከክምሩ ሥር ድምፅ መጣ።

«እማዬ... ረፈደብኝ?»

«አልረፈደም ልጄ። ተኚ።»

እታለም ክንዴን ጨመቀችው። ድምፁን አውቃዋለች። እንድትነግረኝ አላስፈለገም፤ ከጣቶቿ ገባኝ።

እናትየዋ ወደ እኛ ዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ልብስ ይኖራችኋል? ምንም ብደርብላት አልሞቅ አላት።»



ከዚያ እህቴ የለበሰችውን ሹራብ አወለቀች። ጠጋ ብላ፣ የተኛ ሕፃን እንደምታለብስ፣ በቀስታ ከክምሩ ላይ አነጠፈችው። ወደ ኋላዋ እየተራመደች ወደ እኔ ተመለሰች።

አንደኛው እጅጌ በአልጋው ጠርዝ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ነበር።

እያየሁት ተንቀሳቀሰ።

ከብርድ ልብሶቹ ሥር የሆነ ነገር ያዘውና... በቀስታ፣ እያረፈ፣ ትንሽ ትንሽ እያደረገ... ወደ ውስጥ ሳበው።